«የጨረቃ ተራሮች» በጎጃም፦ የዓባይን ተራራ ፍለጋ እና የአመዳሚት ዕጣ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችውን ማንኩሳን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከእርሷ በስተሰሜን በሰከላና በደጋ ዳሞት በኩል ከፍ እያለ የሚሄደው የአመዳሚት ደጋ ግን ደራሲው ከመወለዳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በሌላ መጽሐፍ ገብቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ፣ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ «ዓባይ ከሥራቸው ይፈልቃል» ሲሉላቸው የኖሩት የጨረቃ ተራሮች እነዚህ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ፣ ከእነዚህም ሌላ እንደሌሉ ጻፈ። ዛሬ ይህን የሚቀበል የጂኦግራፊ ሊቅ የለም። ስሙ ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ምድር ወገብ ተሻግሮ፣ ዩጋንዳና ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ በሚጋሩት በሩዌንዞሪ ሰንሰለት ላይ አርፏል። የዚያ ሰንሰለት ከፍተኛ ጫፍ ማርገሪታ 5109 ሜትር ሲሆን፣ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛው ነው። ክርክሩም በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ ረጅሙ ተራራ በረዶ አለው፣ ስሙንም ወስዷል። እኔ ግን ፍርዱ በግማሽ ብቻ ትክክል ነው እላለሁ። ብሩስ ስሙን ያለ ቦታው አስቀምጦታል። እርሱን ያረሙት ሰዎች ደግሞ የዓባይን ምንጭ በጫፍ ርዝመትና በበረዶ ንጣት ስለ ለኩ፣ ወንዙን በእውነት የሚሞሉትን ተራሮች ከታሪኩ ዳር አውጥተዋቸዋል። ይህ ስሕተት የዕውቀት ስሕተት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ እነዚያን ተራሮች ስንጠብቅና ስንተው በምናደርገው ሁሉ እስከ ዛሬ ይታያል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ እስክንድርያ መሄድ ያስፈልጋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ የኖረው በጥሊሞስ፣ ፈረንጆች ቶለሚ የሚሉት ሊቅ፣ ጂኦግራፊውን ሲጽፍ ከእርሱ በፊት የነበረውን የጢሮሱን ማሪኖስ ሥራ ተከትሏል። ማሪኖስም ዲዮጋንስ የተባለ ነጋዴ ከህንድ ሲመለስ ነፋስ ከአፍሪካ ቀንድ አልፎ ለብዙ ቀናት ወደ ደቡብ እንደ ገፋው፣ ዓባይ የሚወጣባቸውንም ሐይቆች አካባቢ እንደ ደረሰ መዝግቦ ነበር። በበጥሊሞስ መጽሐፍ ውስጥ እነዚህ ሐይቆች ከምድር ወገብ በታች ባለ የተራራ ሰንሰለት በረዶ ይሞላሉ፤ የሰንሰለቱም ስም የጨረቃ ተራሮች ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ይህ ክፍል በኋላ ዘመን የተጨመረ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራሉ። የሆነው ሆኖ ሐሳቡ ተስፋፋ፤ የዐረብ ጂኦግራፈሮች ተቀበሉት፣ አል ኢድሪሲም እ.ኤ.አ. በ1154 በሲሲሊ ባዘጋጀው ካርታ ላይ ሳለው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰባት መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የዓለም ካርታ ሠሪ ሁሉ በአፍሪካ መካከል አንድ ትልቅ ሰንሰለት ከዳር እስከ ዳር ይስል ነበር፤ በዓይኑ ያየው ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ፍለጋው ከመነሻው የአንድ ተራራ ፍለጋ ሆነ፤ ታላቅ ወንዝ ከታላቅ ተራራ መውጣት አለበት የሚል እምነት ነበረው። ሁለተኛ፣ የተራራው ምልክት በረዶ ሆነ። በሐሩር አገር በረዶ ያለበት ከፍታ ከተገኘ የወንዙ ምሥጢር ተፈታ ተብሎ ታሰበ። ዝናብ በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያ ስለ በረዷማ ተራራ የራሷ ምስክር ነበራት። በአዱሊስ ወደብ ቆሞ የነበረና የግብፁ ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ያደረገውን ዘመቻ ይዘረዝራል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከዓባይ ማዶ፣ ማለትም ከተከዜ ማዶ፣ በማይደፈሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩ የስሜን ሰዎች አሉ፤ ተራሮቹም ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ የተሸፈኑ ናቸው። ስለዚህ በቀይ ባሕር ንግድ መሥመር ላይ «ከዓባይ ወገን በረዶ የለበሰ ተራራ አለ» የሚል ወሬ ይመላለስ እንደ ነበር ማስረጃ አለን ማለት ነው። የአዱሊሱ ጽሑፍ ግን ከበጥሊሞስ በኋላ እንደ ተቀረጸ ስለሚታመን፣ እስክንድርያ የሰማችው ስለ ስሜን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የሚያሳየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሳቡ በሐበሻ ምድር ላይ ሲያርፍ ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። ብሩስ ራሱ በስሜን በረዶ አላየሁም ብሎ የጥንቱን ወሬ ተጠራጥሯል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ግን በረዶውን ማየቱን ጽፎ፣ ብሩስ ያላየው ከተራራው ግርጌ አልፎ ስላልወጣ ነው አለ። ፈረንሳውያኑ ፌሬና ጋሊኒዬ እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ደጀን ላይ ወጡ። የራስ ደጀን ከፍታ በቀድሞ መጻሕፍት 4620 ሜትር ይባል ነበር፤ በአሁኑ ልክ 4550 ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ራስ የሆነው ጫፍ እንኳ ከማርገሪታ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ያንሳል።

ወደ ጎጃም ስንመጣ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ዝርዝር ጽሑፍ የተወ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በነበረበት ጊዜ ስፍራውን አየ። ከእርሱ በኋላ ባልደረባው ጀሮኒሞ ሎቦ መጣ። የፓኤዝን ጽሑፍ በአውሮፓ ያስታወቀው ሮም ላይ ተቀምጦ የጻፈው አታናሲዩስ ኪርኸር ሲሆን፣ ይኸው ሊቅ በምድር ውስጥ ታላቅ የውኃ ጎተራ የያዘ ረጅም የጨረቃ ተራራ በምናቡ ስሎ አሳተመ። ብሩስ ኅዳር ወር 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ሲደርስ ሁለቱንም ኢየሱሳውያን በልቡ ይከራከራቸው ነበር፤ የፓኤዝንም ቀዳሚነት ለመካድ ብዙ ደከመ፤ በዚህ ረገድ ታሪክ ፈርዶበታል። ስለ ተራሮቹ ግን የሰጠው መግለጫ የተመልካች ሰው መግለጫ ነው። አንዱ ከሌላው በስተኋላ ሦስት ሆነው እንደ ክብ ቁራጭ የተደረደሩ ሰንሰለቶች አየ፤ «አሚድ አሚድ» ብሎ የጻፋቸውም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ቅርጻቸው የጥንቱን ስም አሳሰበው። ከፍታቸውን ሲናገር ግን አልኮራባቸውም፤ ከሥራቸው ካለው ምድር ከግማሽ ማይል ብዙም አይበልጡም፣ ኪርኸር ከሚያወራው ተረት እጅግ ያንሳሉ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ለታላቅ ወንዝ ታላቅ ጫፍ ሲፈልግ፣ ብሩስ መጠነኛ ተራራ አግኝቶ ዓባይ ከዚህ ይወጣል ለማለት ደፈረ። ስሙን ሲሰጥ ተሳስቷል። ወንዝ ለመውለድ ሰማይ መንካት አያስፈልግም የሚለው ምልከታው ግን ትክክል ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የጣሉት ግን ይህንኑ ነው።

በብሩስ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከበጥሊሞስ ከራሱ ይመጣል፤ ሳይድበሰበስ መቀበል ይገባል። የእስክንድርያው ሊቅ ሁለት ወንዝ ያውቅ ነበር። ዋናው ዓባይ ከደቡብ ሐይቆችና ከጨረቃ ተራሮች ይመጣል፤ አስታፑስ የተባለው ሌላው ወንዝ ደግሞ ቆሎኤ ከሚባል ሐይቅ ይወጣና ይገናኘዋል። አስታፑስ የእኛ ዓባይ፣ ቆሎኤም ጣና እንደ ሆነ አብዛኛው ሊቅ ይስማማል። በዚህ መሠረት በጥሊሞስ የጎጃምን ውኃ ለብቻው ጽፎታል፤ የጨረቃ ተራሮችን ወደ ግሽ ማምጣት የእርሱን መጽሐፍ መቃረን ይሆናል። በዚያ ላይ የተራሮቹ ስፍራ ከምድር ወገብ በታች ነው የተባለው፤ ግሽ ግን፣ ብሩስ ራሱ በመሣሪያው እንደ ለካው፣ ወደ 11 ዲግሪ ሰሜን ናት። በረዶም የለባትም፤ በጎጃም ተራሮች በጮቄና በአመዳሚት በክረምት የሚወርደው በረዶ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። በእነዚህ ሦስት ማስረጃዎች የብሩስ አባባል ይወድቃል። በጎጃም ተወላጅነት ስሜት ተነሥቶ ስሙን ለአመዳሚት ለማስመለስ የሚከራከር ሰው ቢኖር፣ ሙግቱን የሚረታበት ሰነድ የለውም። ስለዚህ እኔም ስሙ ይመለስ አልልም። የምጠይቀው ስሙ ሲሄድ አብሮት የሄደው ክብር የማን ነበር የሚለውን ነው፤ የጨረቃ ተራሮች በሰው ልብ ውስጥ ክብር ያገኙት በስማቸው ውበት ሳይሆን ዓባይን ያጠጣሉ ስለ ተባለ ነበርና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍለጋው ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የኖረው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1849 የኬንያን ተራራ አየ፤ ጓደኛው ሬብማን ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ኪሊማንጃሮን አይቶ ነበር። ለንደን ያሉ ሊቃውንት በምድር ወገብ በረዶ አለ መባሉን ለማመን እንቢ አሉ። በጎጃም ዞሮ የግሽን ምንጭ የጎበኘው ቻርልስ ቢክ የጨረቃ ተራሮችን በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ውስጥ ፈለገ፤ አሳሹ ስፒክ በታንጋኒካ ሐይቅ ራስጌ በካርታው ላይ ሳላቸው። በመጨረሻም ሄንሪ ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1888 ደመና ሲገለጥለት ሩዌንዞሪን አየና ነገሩ ተወሰነ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1906 የጣልያኑ የአብሩዚ መስፍን ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ከአስጎብኚዎችና ከሳይንስ ሰዎች ጋር መጥቶ ዋና ዋናዎቹን ጫፎች ወጣ፣ ለካ፣ ስምም ሰጠ። ከፍተኛውን ጫፍ በንግሥት ማርገሪታ ሰየመ። ማርገሪታ በዐድዋ ጦርነት ዘመን የጣልያን ንጉሥ የነበረው የኡምቤርቶ ቀዳማዊ ሚስት ናት፤ ስያሜው የተሰጠው ከዐድዋ ድል ዐሥር ዓመት በኋላ ነበር። ከአጠገቡ ያለው 5091 ሜትሩ ጫፍ በእንግሊዝ ንግሥት በአሌክሳንድራ ተሰየመ። የሰንሰለቱ ተራሮችም ስታንሊ፣ ስፒክ፣ ቤከር፣ ኤሚን፣ ጌሲ ተባሉ፤ ሁሉም የዓባይን ምንጭና ሐይቆች ሲፈልጉ የዞሩ ሰዎች ናቸው። ስድስተኛው የመስፍኑን የራሱን ስም ይዟል። ባኮንዞዎች በዚያ ተራራ ሥር ለዘመናት ኖረዋል፤ በካርታው ላይ ግን የጫፎቹ ስም የነገሥታትና የአገር አሳሾች ስም ሆነ። የብሪታንያና የቤልጅየም ቅኝ ገዥዎች ደግሞ ድንበራቸውን በዚሁ ሰንሰለት ላይ አሰመሩ፤ ዛሬ የስታንሊ ተራራ ማርገሪታን እንደ ያዘ በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ ቆሟል፣ ቤከር በዩጋንዳ፣ ኤሚን በኮንጎ በኩል ቀርቷል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ፤ የዓባይ ተራራ በውኃ ይለካ ከተባለ ቁጥሩ ግልጽ ነው። ከመገደቡ በፊት በአስዋን በአማካይ በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያልፍ ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ማለትም ከዓባይ፣ ከባሮና ከተከዜ ይመጣል፤ ከሦስቱም ትልቁ ዓባይ ብቻውን ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ይሰጣል። በክረምቱ ሙላት ወራት የኢትዮጵያ ድርሻ ከ90 በመቶ ያልፋል። ነጭ ዓባይ በበኩሉ ከታላላቆቹ ሐይቆች ይነሣና በደቡብ ሱዳን በሱድ ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ ከውኃው ግማሽ ያህሉ በትነት ይጠፋል። የሩዌንዞሪ ዝናብና በረዶ ወደ ኤድዋርድና ወደ አልበርት ሐይቅ ወርዶ የዚህ የነጭ ዓባይ አንድ ክፋይ ይሆናል፤ የበረዶው ቅልጥ ደግሞ ለራሱ ለሩዌንዞሪ ወንዞች እንኳ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓለም ለአሥራ ስምንት መቶ ዓመት የዓባይ እናት ነው ብሎ የፈለገው በረዶ፣ በተገኘ ጊዜ፣ ለወንዙ የሚሰጠው ጠብታ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ደግሞ ስሙ በሩዌንዞሪ ተራራ ላይ የተሰቀለው ሳሙኤል ቤከር ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ የተከዜንና የዓባይን ገባሮች በታችኛው በኩል ተከትሎ ከመረመረ በኋላ፣ ሐይቆቹ ወንዙን በበጋ ያኖሩታል፣ ግብፅን የሚያጥለቀልቀውን ጎርፍና ለም ደለል ግን የሚያመጡት የሐበሻ ወንዞች ናቸው ብሎ መሰከረ። ምስክርነቱ በመጽሐፍ ታትሞ ሳለ፣ የተራራው ክብር ግን ወደ በረዶው ሄደ።

አመዳሚትና ጮቄ ይህን ሁሉ ውኃ የሚሰጡት እንዴት ነው? ምክንያቱ ስፋታቸው፣ ድንጋያቸውና ዝናባቸው ነው። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተነጠፈ ነው፤ በላዩ ጮቄን የመሰሉ ሰፋፊ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራዎች ተነሡ፤ ጮቄ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ይሰጠዋል። ከ4000 ሜትር በላይ ቢወጣም ጎኑ እንደ ሩዌንዞሪ ገደል አይደለም፤ በዝግታ ተንጣሎ ይወርዳል። ሩዌንዞሪ ርዝመቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከምድር ቅርፊት ተገፍቶ የተነሣ ጠባብ የጥንት ዐለት ግንብ ነው፤ የእሳተ ገሞራ ተራራም አይደለም። የጎጃም ደጋ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚመጣውን ደመና በሰፊው ይቀበላል፤ በዐለቱ ስንጥቅና በጥቁር አፈሩ ውስጥ ያኖረዋል፤ በበጋም በምንጭ ይመልሰዋል። አመዳሚትን ከጎረቤቶቹ የሚለየው ደግሞ እንደ ቤት ጣራ ውኃን ወደ ሁለት ወገን መክፈሉ ነው። በሰሜን ክፈፉ ከግሽ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይወርድና፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከብቦ ይዞራል። በደቡብ ክፈፉ የሚወርዱት እንደ ላህ፣ ብርና ፈጣም ያሉት ወንዞች የፍኖተ ሰላምን፣ የጂጋንና የቡሬን ምድር አጠጥተው ቀጥታ ወደ ዓባይ በረሃ ይገባሉ። ከጮቄ ደግሞ ተምጫ፣ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና በቸት ይጨመራሉ። በማንኩሳ ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚያርሰው መሬት በእነዚህ ሁለት ተራሮች እግር ሥር ያለ የአንድ ሥርዓት ክፍል ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው የሚለው፦ ወንዝን ወንዝ የሚያሰኘው ዓመቱን ሙሉ መፍሰሱ ነው፤ በየካቲትና በግንቦት መካከል የጎጃም ወንዞች ሲሳሱ ዓባይን እስከ ግብፅ የሚያደርሰው የሐይቆቹ ውኃ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ቤከርም የመሰከረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህን ጸጥ ያለ ውኃ የሚያኖሩት ሐይቆች ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናው ቪክቶሪያ ነው፤ ሩዌንዞሪ ደግሞ ወደ ቪክቶሪያ አይፈስም። ተቃውሞው ክብሩን ከጎጃም ቢወስድ እንኳ የሚሰጠው ለሐይቆቹ እንጂ ለበረዷማው ጫፍ አይሆንም። ሁለተኛው ተቃውሞ፦ የወንዝ መነሻ ከአፉ እጅግ የራቀው ጅረት ነው፤ እርሱም በሩዋንዳና በቡሩንዲ ደጋ ይገኛል የሚል ነው። በርዝመት ከተለካ ልክ ነው፤ ይህም ልክ ሩዌንዞሪንም ግሽንም እኩል ያስወጣል። እንግዲህ በሦስት መለኪያ ሦስት ተራራ ይገኛል፤ በከፍታና በበረዶ ሩዌንዞሪ፣ በርቀት የሩዋንዳና የቡሩንዲ ደጋ፣ በውኃ ብዛት የኢትዮጵያ ደጋ፣ በዚያም ውስጥ የጎጃም ተራሮች። አንድ ምንጭና አንድ ተራራ አለ ብሎ የተነሣው የበጥሊሞስ ጥያቄ ራሱ ጠባብ ነበር። ከሦስቱ መለኪያ የቱ ይበልጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ግን፣ በወንዙ ዳር የሚኖር ሰው የሚዘራውም፣ የሚጠጣውም፣ የሚሰጋውም በውኃው መጠን ነውና በውኃ መለካት ይበልጣል ብዬ እመልሳለሁ።

ይህን መለኪያ የአገሬው ሰው ከአሳሾቹ በፊት ያውቀው ነበር። ግሽ ዓባይ ለሰከላ አገው ከክርስትና በፊትም የተከበረ ስፍራ ነበር፤ ብሩስ ሲደርስ ምንጩን የሚጠብቁ አገልጋዮች አግኝቷል። ቤተ ክርስቲያን ዓባይን በኦሪት ዘፍጥረት የተጠራው ግዮን ነው ብላ ታስተምራለች፤ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ገዳም በዚያ ይገኛል፣ ምእመናንም ለጠበሉ ይሰበሰባሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክብሩ ለጫፍ ሳይሆን ለውኃ ነው የተሰጠው። ተራራውን ወጥቶ ስሙን የሰየመለት፣ ባንዲራ የተከለበት ሰው አይታወስም፤ አመዳሚትም ጮቄም ገበሬው የሚጠራቸውን ስም እንደ ያዙ እስከ ካርታው ደረሱ። እንዲህ ያለው ዕውቀት በሳይንስ ሚዛን የጎደለው ነገር አለ፤ የውኃውን መጠን አልሰፈረም፣ የደለሉን ክብደት አላወቀም፣ ገበሬው ከዳገት ከፍ እያለ ሲያርስም አላስቆመውም። ሆኖም የሚጠበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ለዓመታት ዞሮ ካርታ ሲያነሣ መንገዱን የመሩት ይህን ምድር ጅረት በጅረት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ ጉዞ የወጣው መጽሐፍ ሽፋን ግን የያዘው የእርሱን ስም ነው።

የተራራው ዝና በስሕተት ሚዛን መለካቱ ያመጣው ውጤት ዛሬ በምድር ላይ ይነበባል። የሩዌንዞሪ የኮንጎ ወገን በቪሩንጋ ፓርክ ውስጥ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ተከልሏል፤ የዩጋንዳው ወገን እ.ኤ.አ. በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስሜንም እ.ኤ.አ. በ1978 ተመዝግቧል፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ረጃጅሞቹ ጫፎች፣ ብርቅ እንስሳትና በረዶ ያለባቸው ስፍራዎች ጠባቂ አገኙ። ይገባቸዋል፤ የሩዌንዞሪ በረዶም በመቶ ዓመት ውስጥ አብዛኛው ስለ ቀለጠ ጥበቃው ሊጨመርለት እንጂ ሊቀነስለት አይገባም። ጮቄና አመዳሚት ግን እንዲህ ያለ የዓለም ስም የላቸውም። ገብስና ድንች ወደ ላይ እየወጣ ሣሩንና አስታውን ተክቷል፤ አፈሩም ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ይወርዳል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት የሚያውቀው ግንዱን ነው፤ ከግንዱ የሚከብደው ሸክም አፈር ነው። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተገነባው የሮዜሬስ ግድብ በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ከሲሶ በላይ በደለል ተሞልቶ ኋላ ላይ ግንቡን ማሳደግ አስፈልጓል። ያ ደለል የጎጃም፣ የወሎ፣ የወለጋና የሌሎችም ደጋዎች እርሻ ነበር። እንግዲህ ሁለት አገር የሚጋሩት ተራራ ሩዌንዞሪ ብቻ አይደለም፤ ድንበር በጫፉ ባያልፍም፣ በውኃውና በአፈሩ ኢትዮጵያና ሱዳን ጮቄንና አመዳሚትን ይጋራሉ።

አንዳንድ ሰው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ይህ ሁሉ የታሪክ ሙግት ምን ይጠቅማል ሊል ይችላል። እኔ የምለው፣ ሙግቱ የተጀመረው አሁን ነው። እስከ ትናንት ድረስ ከአመዳሚት የታጠበው አፈር የሮዜሬስ ጭንቀት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚተኛው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዘው በራሳችን ሐይቅ ውስጥ ነው። የግድቡ ዕድሜ የሚቆጠረው በቆመበት በጉባ ባለው ሲሚንቶ ብቻ አይሆንም፤ በሰከላ፣ በደጋ ዳሞት፣ በሰናንና በሌሎቹ የደጋ ወረዳዎች ባለው እርከን፣ ደንና ግጦሽም ይቆጠራል። ገበሬው ዳገት የሚያርሰው መሬት ስላነሰው እንጂ ጥፋቱ ጠፍቶት አይደለምና፣ ተራራውን ጠብቅ ሲባል የሚተካለት ኑሮ አብሮ ሊሰጠው ይገባል፤ ከግድቡ ብርሃን የሚገኘው ገቢ አንድ ክፍል ወደ ምንጩ አገር መመለሱ ፍትሕ ነው። የክልሉ መንግሥትና የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የጮቄንና የአመዳሚትን ራስጌ በሕግ የተከለለ የውኃ ስፍራ እንዲያደርጉ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የማንኩሳና የቡሬ ትምህርት ቤቶችም ለልጆቻቸው ከሩዌንዞሪ ከፍታ ጋር የላህን፣ የብርንና የፈጣምን መነሻ እንዲያስተምሩ እጠይቃለሁ። የጨረቃ ተራሮች የሚለውን ስም ዩጋንዳና ኮንጎ ይያዙት፤ በማስረጃ ይገባቸዋል። ዓባይን የሚሞሉትን ተራሮች መጠበቅ ግን የእኛ ግዴታ ነው።